ዱላና ኳስ ስላስታወቁት ስለ ታይገር ውድስ

አንድ ቀን ማታ ትምህርት ካለቀ በኋላ ቡና ተጠርተን ወደ አንድ ገበሬ ቤት ሄድን። በቤቱ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል። ቀድሞ ያ ጋዜጣ ለንፋስ መከላከያ ብቻ ነበር። አሁን ግን ቤተ ሰቡ ፊደል ስለ ለየ በኩራዝ ብርሃን እየተንጠራራ ያነበዋል። ከጋዜጣው መካከል ቀይ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ጠይም ሰው ቀጭን ዱላ ወደ ላይ አንሥቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ አለ። አባወራው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ «ታ... ይ... ገ... ር» ብለው አነበቡና ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ ይህ ሰውዬ ማንን ሊመታ ነው?»

«ኳስ ነው የሚመታው፣ አባባ» አልናቸው።

«ኳስ መትቶ ነው ጋዜጣ ላይ የወጣው?»

«አዎን። በዚሁ ሥራው እጅግ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል።»

ሳቁ። ባለቤታቸው ግን ቡናውን እየቀዱ ወደ ፎቶግራፉ አዩና «ይህ ሁሉ ሣር የማን ነው? ከብት አይገባበትም?» ብለው ጠየቁን። አይገባበትም አልን። «ውይ ሲያሳዝን!» አሉ።

ያን ማታ አጥርተን ማስረዳት አልቻልንም። እኛም ራሳችን ጨዋታውን በመጽሐፍና በወሬ እንጂ በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ስለዚህ አንብበንና ጠይቀን ያገኘነውን እዚህ ጽፈናል። ዓመቶቹን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር አድርገናቸዋል። ገንዘቡ ግን በአሜሪካ ዶላር ነው።

ጨዋታው ጎልፍ ይባላል። የገናን ጨዋታ የምታውቁ ሰዎች ዱላና ኳስ ምን እንደ ሆነ ማንም አይነግራችሁም። በገና ሁለት ወገን ሆኖ ኳሷን መነጣጠቅ ነው። በጎልፍ ግን ኳሳችሁን የሚነጥቃችሁ የለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ ይመታል፤ ከሌላው ጋር የሚወዳደረው በቁጥር ብቻ ነው። ሜዳው 18 ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። የአንዱ ጉድጓድ ስፋት 11 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ የጣሳ አፍ ማለት ነው። ኳሱም ክብደቱ የዶሮ እንቁላል ያህል ነው። ተጫዋቹ ከሩቅ ተነሥቶ ኳሱን እየመታና እየተከተለ ወደ ጉድጓዱ ያስገባዋል። አንዳንዱ ጉድጓድ ከመነሻው 400 ሜትር ይርቃል፣ ሌላው ከዚያም ይበልጣል። ጎበዝ ተጫዋች በአንድ ምት ኳሱን ከ250 ሜትር በላይ ይሰዳል። ከዚያ በኋላ ግን ጉልበት ብቻውን አያዋጣም። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ እንደ ምንጣፍ በተከረከመ ሣር ላይ ኳሱን ቀስ አድርጎ ማንከባለል አለበት። መሬቱ በትንሹ ያዘነበለ እንደ ሆነ ኳሱ ጠማማ ሄዶ ያልፋል።

በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ብዙ የመታ ሳይሆን ጥቂት የመታ ነው። 18ቱን ጉድጓድ ለመጨረስ ለአንድ ሜዳ የተወሰነ የምት ቁጥር አለው። አብዛኛውን ጊዜ 72 ነው። በ70 የጨረሰ ጎበዝ ነው፣ በ80 የጨረሰ ደግሞ ከታላላቆቹ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ታላላቅ ውድድሮች አራት ቀን ይፈጃሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ተጫዋቾቹ ተመዝነው ብዙ ምት የፈጁት ይሰናበታሉ። የሁለት ቀን ድካማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የቀሩት ይቀጥላሉ።

የእማማን ጥያቄ አልረሳነውም። አንድ ሙሉ የጎልፍ ሜዳ ከ40 እስከ 80 ሄክታር መሬት ይይዛል። በድሮው አነጋገር አንድ ወይም ሁለት ጋሻ መሆኑ ነው። ሣሩ ውሃ ይጠጣል፣ በየቀኑ ይከረከማል። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ገና ከመነሻው መሬትና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጨዋታ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስናነብ እጅግ ያስገረመን ሌላ ነገር የፊርማው ጉዳይ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የፈጀው ምት በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል። የሚጽፍለት አብሮት የተጫወተው ሰው ነው። ተጫዋቹ ወረቀቱን አይቶ ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ አለቀ! በ1960 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ የሚባል የአርጀንቲና ሰው ማስተርስ በተባለው ትልቅ ውድድር ላይ እጅግ ግሩም አድርጎ ተጫወተ። 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ምት ነበር የጨረሰው። አብሮት የነበረው ሰው ተሳስቶ 4 ብሎ ጻፈበት። ዴ ቪሴንሶ ሳያስተውል ፈረመ። ሲመታ ያየው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው የፈረመበትን ነው። በዚያች አንዲት ምት ምክንያት ዋንጫውን ለመለያየት የመጫወት ዕድሉን አጣ። ቀኑ 45 ዓመት የሞላበት የልደቱ ቀን ነበር።

ወደ ታይገር ከመድረሳችን በፊት ስለ ሁለት ሰዎች እንናገር። እነሱን ሳያውቁ የእሱን ሥራ መመዘን የሚቻል አይመስለንም።

በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ጥቁሮች በጎልፍ ሜዳ የሚታዩት የነጮቹን ዱላ ተሸክመው ነበር። የተጫዋቹን ከረጢት በትከሻው አንግቶ የሚከተል ሠራተኛ ካዲ ይባላል። ቻርሊ ሲፎርድ በ13 ዓመቱ ካዲ ሆኖ ተቀጠረ። የቀን ደመወዙ 60 ሳንቲም ነበር። ሲሸከም እያየ፣ ሰው ሳይኖር እየሞከረ ጨዋታውን ተማረ። ነገር ግን ጨዋታውን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች ማኅበር ነጭ ያልሆነ ሰው አባል እንዳይሆን የሚከለክል አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ነበረው። አንቀጹ የተሠረዘው በ1954 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሲፎርድ 39 ዓመት ሆኖት ነበር። ለስፖርተኛ ይህ ዕድሜ ማለት ለገበሬ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ዘር እንደ ማግኘት ያለ ነው። ቢሆንም ዘራ። በ1959 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ በሃርትፎርድ ከተማ አሸነፈ፤ ከዚያም በሎስ አንጀለስ ደገመ። ማስተርስ ግን አንድም ቀን አልጠራውም።

ሁለተኛው ሊ ኤልደር ነው። ፔንሳኮላ በተባለ ከተማ አንድ ጊዜ ለውድድር በሄደ ጊዜ እሱና ሌሎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ወደ ክበቡ ቤት እንዳይገቡ ተከልክለው ልብሳቸውን መኪና ማቆሚያ ላይ ቀየሩ። በ1966 ዓ.ም. በዚያው ከተማ አሸነፈ። በዚህ ምክንያት ማስተርስ ሊጠራው ግድ ሆነበት። በሚያዝያ 1967 ዓ.ም. በኦገስታ ከተማ ማስተርስን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። እንገድልሃለን የሚል ዛቻ ስለ ደረሰው የት እንደሚያድር እንዳይታወቅ ሁለት ቤት ተከራይቶ ነበር። ሁለት ቀን ተጫውቶ ተሰናበተ። ዱላ ለመምታት የሄደ ሰው በምን ልብ ነው በደንብ የሚመታው?

ኤልደር በኦገስታ ከተጫወተ በስምንተኛው ወር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1968 ዓ.ም. ታይገር ውድስ በካሊፎርኒያ ተወለደ። የወላጆቹ ስም ኧርልና ኩልቲዳ ይባላል። አባቱ በቪየትናም የተዋጋ ጥቁር አሜሪካዊ መኮንን ሲሆን እናቱ የታይላንድ ሰው ናት። የመዝገብ ስሙ ኤልድሪክ ነው። ታይገር ማለት ነብር ማለት ነው፤ አባቱ ይህን ስም ያወጣለት በጦርነቱ ጊዜ ወዳጁ ለነበረ ቪየትናማዊ መኮንን መታሰቢያ ነው። ብዙ ሰው ታይገርን ጥቁር ይለዋል። እሱ ራሱ ግን የእናቴንም ወገን አትርሱብኝ ይላል፤ ልክ ነው እንላለን።

አባቱ ጎልፍ የጀመረው ካደገ በኋላ ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ከፊቱ አስቀምጦ ይለማመድ ነበር። ታይገር በሁለት ዓመቱ በቴሌቪዥን ቀርቦ ኳስ መታ። ከፍ ሲል አባቱ ልጁ ሊመታ ዱላ ባነሣ ቁጥር በኪሱ ያለውን ሳንቲም ያንቀጫቅጫል፣ ከረጢት ይጥላል፣ ያስላል። ጭካኔ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ሰው ሲንጫጫ ልቡ እንዳይበተን ነበር። ታይገርም በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጃክ ኒክላውስ የተባለው ታላቅ ተጫዋች በስንት ዓመቱ ምን እንደ ሠራ የሚገልጽ ወረቀት ለጥፎ ነበር። ዕድሜውን ከዚያ ዕድሜ ጋር ያስተያያል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ምን እንደሚያደርግ እያችሁ?

ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. የአሜሪካን የወጣቶች ውድድር ሦስት ጊዜ፣ ከ1986 እስከ 1988 ዓ.ም. ደግሞ ያለ ክፍያ የሚጫወቱትን ሰዎች ትልቅ ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ከዚያም በነሐሴ 1988 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ ጨዋታውን መተዳደሪያው አደረገ።

አሁን ወደ ኦገስታ እንመለስ። በዚያ ሜዳ እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ የማስተርስ ካዲዎች ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። ሜዳው የሆነበት ክበብ ታይገር የ14 ዓመት ልጅ እስኪሆን ድረስ አንድም ጥቁር አባል አልነበረውም። በሚያዝያ 1989 ዓ.ም. የ21 ዓመቱ ወጣት ወደዚያ ገባ። የመጀመሪያው ቀን ሲጀመር አበላሸ፤ 9 ጉድጓድ ለመጨረስ 40 ምት ፈጀበት፣ ከተወሰነው በ4 በለጠ። ሰዉ ለካስ ልጅ ነው ማለት ጀምሮ ነበር። የቀሩትን 9 ጉድጓዶች ግን በ30 ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የያዘው የለም። አራተኛው ቀን እሑድ ነበር። እናቱ ቀይ ቀለም ኃይል ይሰጥሃል ስላለችው እሑድ እሑድ ቀይ ይለብሳል፤ አባባ በጋዜጣው ያዩት ሸሚዝ እሱ ነው። ሊ ኤልደርም ያን ቀን አያምልጠኝ ብሎ ወደ ኦገስታ ሲገሠግሥ መኪናውን ከልክ በላይ አፍጥኖ በፖሊስ ተይዞ ተቀጣ። ግን ደረሰ። የክበቡ ጥቁር ሠራተኞችም ሥራቸውን ትተው ለማየት ወጡ።

ታይገር በአራቱ ቀን የፈጀው 270 ምት ነው። ሁለተኛ የወጣው ሰው 282 ፈጀ። በአንድ ወይም በሁለት ምት ማሸነፍ በተለመደበት ጨዋታ በ12 በለጠ። በዚያ ውድድር ካሸነፉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹም እሱ ሆነ። ሽልማቱ 486,000 ዶላርና የአሸናፊዎቹ አረንጓዴ ኮት ነበር። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ልቡን በቀዶ ሕክምና ታክሞ የነበረው አባቱ ከመጨረሻው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከዚህ በኋላ የሠራው ሥራ እኛን ከማሸነፉ ይልቅ አስገርሞናል። በ12 ምት ያሸነፈበትን አመታት ራሱ አፈረሰው። ጉድለት አለበት ብሎ ከአሠልጣኙ ጋር እንደ አዲስ መማር ጀመረ። ቆሞ የሚያኖር ቤት አፍርሶ እንደ መሥራት ነው። በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ትልቁ የውድድር ዙር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ሰው አበቃለት አለ። በተከታዩ የውድድር ዘመን 8 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 9 ጊዜ አሸነፈ።

በጎልፍ አራት ታላላቅ ውድድሮች አሉ፤ ማስተርስ፣ የአሜሪካ ኦፕን፣ የብሪታንያ ኦፕንና ፒ.ጂ.ኤ. ይባላሉ። በሰኔ 1992 ዓ.ም. የአሜሪካን ኦፕን በ15 ምት በልጦ አሸነፈ። በታላላቆቹ ውድድሮች ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት ታይቶ አያውቅም። ሜዳው አስቸጋሪ ስለ ነበር ከተወሰነው ቁጥር በታች የጨረሰ ሌላ ሰው አልተገኘም። በሐምሌ የብሪታንያውን፣ በነሐሴ ፒ.ጂ.ኤ.ን፣ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ማስተርስን ጨመረ። አራቱም ዋንጫ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ጊዜ ሆነ።

ከሁለት ቀን በኋላ ስለ መሰናበት ተናግረን ነበር። ታይገር ሰባት ዓመት ሙሉ በ142 ውድድር በተከታታይ አልተሰናበተም። ራሱን ያመመው ቀን፣ ነፋስ የበዛበት ቀን፣ ኳሱ ጫካ የገባበት ቀን ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ 281 ሳምንት ሳያቋርጥ የዓለም አንደኛ ሆኖ ቆየ።

አባቱ በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. ሞተ። ታይገር በሐምሌ የብሪታንያ ኦፕንን ሲያሸንፍ በሜዳው ላይ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በሰኔ 2000 ዓ.ም. የሆነውን ለቡና ጊዜ ጓደኞቻችን ስንነግር ውሸት ነው ብለውናል። የታይገር የግራ እግር አጥንት ተሰነጣጥቆ፣ የጉልበቱም ጅማት ተበጥሶ ነበር። ሐኪሞች አትጫወት አሉት፤ እንቢ ብሎ የአሜሪካ ኦፕን ገባ። ዱላውን በወዘወዘ ቁጥር ሲያነክስና ፊቱን ሲያጨማድድ ይታይ ነበር። አራት ቀን ተጫወተ። በመጨረሻው ጉድጓድ ወደ 4 ሜትር ከሚጠጋ ርቀት ኳሱን አንከባልሎ ባያስገባ ኖሮ ይሸነፍ ነበር፤ አስገባ፤ ሮኮ ሜዲየት ከሚባለው የ45 ዓመት ሰው ጋር እኩል ሆነ። በማግሥቱ ሌላ 18 ጉድጓድ ተጫውተው አሁንም እኩል ሆኑ። በ91ኛው ጉድጓድ ታይገር አሸነፈ። ወዲያው ለቀዶ ሕክምና ገባና በዚያ ዓመት እንደገና አልተጫወተም። ጀግንነት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በተሰበረ እግር መሥራት ለማንም አይመከርም ባዮች ነን፤ ያ እግር በኋላ ምን እንዳስከፈለው እግሩ ያውቃል።

ከዚያ ዝቅ አለ። በ2002 ዓ.ም. ትዳሩን መበደሉ በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ከሚስቱ ተፋታ። ቀጥሎ ወገቡ ያዘው። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2009 ዓ.ም. የጀርባው አጥንት ተያይዞ እንዲገጥም ተደረገ። በዚያ ዓመት መኪናው ውስጥ አንቀላፍቶ ፖሊስ አገኘው፤ ለሕመም የወሰድኩት መድኃኒት ነው አለ። የዓለም አንደኛ የነበረው ሰው 1,199ኛ ሆነ።

ሚያዝያ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ማስተርስን ለአምስተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን ካሸነፈ 11 ዓመት ሊሞላ ነበር። ከሜዳው ሲወጣ ልጁን ቻርሊን አቀፈው፤ በ1989 ዓ.ም. አባቱ እሱን ባቀፈበት አካባቢ።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ታይገር በአሜሪካው ትልቅ የውድድር ዙር 82 ጊዜ አሸንፏል። ሳም ስኒድ የሚባለውም 82 አለው። በታላላቆቹ አራት ውድድሮች ታይገር 15፣ ጃክ ኒክላውስ 18 አሸንፈዋል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሰው አልደረሰበትም። ይህን ማለት ተገቢ ነው። ግን ስኒድ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያሸነፈው ያ የደንብ አንቀጽ ከመሠረዙ በፊት፣ እነ ሲፎርድ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሳሉ ነው። ጥፋቱ የስኒድ ነው አንልም፤ እሱ የመጣለትን መታ። ነገር ግን ያልገቡ ሰዎች ምት በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም። 82ና 82 እኩል ነው ለማለት እኛ እጃችን ይይዘናል።

ታይገር ሲያሸንፍ ጥቁር ልጆች ወደ ጨዋታው ይጎርፋሉ ተብሎ ነበር። እስከ ዛሬ በትልቁ ዙር ያሉት ጥቁሮች በጣት ይቆጠራሉ። አንዱ ምክንያት አስገራሚ ነው። ቀድሞ ድኻ ልጅ ጨዋታውን የሚማረው እንደ ሲፎርድ ከረጢት እየተሸከመ ነበር። በብዙ ሜዳዎች ያን ከረጢት አሁን ትንሽ መኪና ይሸከመዋል። ተሸካሚነቱ ቀረ፤ መማሪያውም አብሮ ቀረ። ዱላውና የሜዳው ክፍያ ደግሞ አልረከሰም።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. የታይገር መኪና ተገለበጠና ቀኝ እግሩ ክፉኛ ተሰበረ። እግሩ ሊቆረጥም ይችል ነበር ተባለ። ከ14 ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በኦገስታ ዳገት ላይ እያነከሰ ታየ። ከሁለት ቀን በኋላ አልተሰናበተም። ሦስተኛውን ቀን በ78፣ አራተኛውን ቀን በ78 ጨረሰ፤ በዚያ ሜዳ እንዲህ ያለ ብዙ ምት ፈጅቶ አያውቅም ነበር። 47ኛ ወጣ። ሕዝቡ እንደ አሸናፊ ቆሞ አጨበጨበለት። እሱም ቆቡን አንሥቶ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ገባ፣ አብሮት የተጫወተው ሰው የጻፈለትን ወረቀት ተቀበለ፣ 78 መሆኑን አይቶ ፈረመ።